ተራራና ባሕር አንድ ላይ፦ ለአባዬ

ሰላም አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? እማዬ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ ለቤቲ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፣ እሷ ታነብልሃለች፤ አንተ መነጽር ፍለጋ ቤቱን እንዳታምሰው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይፈላ።

ባለፈው በስልክ እዚህ ኒውዚላንድ ሚልፎርድ ሳውንድ የሚባለው የባሕር ሸለቆ ሄጄ መጣሁ ስልህ ምን አልከኝ? «ባሕር እንደሆነ አሰብ ላይ ጠግቤ አይቻለሁ፣ ተራራ እንደሆነ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ምን ጎደለኝ፣ ለዚህ ብለሽ ነው ያን ሁሉ ገንዘብ የበተንሽው?» አልክና ኔትወርኩ ጠፋ። መልሴን እንኳ አልሰማህም። እሱን ልጽፍልህ ነው።

ልክ ነህ፣ ሁለቱንም አይተሃል። አንድ ላይ ግን አላየሃቸውም። አንተ ያቺን ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዘህ ከጣርማበር ቁልቁል ስትወርድ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ እያልክ፣ ከዚያ የአፋር በረሃ ሲጠብስህ ውሎ ነበር አሰብ የምትገባው። ባሕሩን ስታይ ተራራው ከኋላህ ከጠፋ ቆይቷል። እዚህ ግን ተራራው እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ነው የቆመው። በመሃል ሜዳ የለም፣ አሸዋ የለም፣ ወደብ እንኳ በመከራ ነው የተገኘለት። ፊዮርድ የሚባለው ይህ ነው። ድሮ ምድር በጣም በቀዘቀዘችበት ዘመን ሸለቆውን የሞላው የበረዶ ግግር በራሱ ክብደት ወደ ባሕር ሲንሸራተት፣ ድንጋዩን ፍቆ ፍቆ ከባሕር ወለል በታች ድረስ ቆፈረው። ዓለም ሲሞቅ በረዶው ቀለጠ፣ ባሕሩ ገባበት። የቀረው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ የገባ፣ ግራና ቀኙ ገደል የሆነ የባሕር ሸለቆ ነው።

አሁን መንገዱን ልንገርህ። አንተ መንገዱን ካልሰማህ ሌላው ወሬ አይጥምህም።

እኔ ያለሁበት ክራይስትቸርች በደቡቡ ደሴት ምሥራቅ በኩል ነው፤ ፊዮርዱ ደግሞ በዚያው ደሴት ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ፊዮርድላንድ በሚባል ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ። ፓርኩ ከ1.2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ስፋት አለው፣ አብዛኛው ጫካና ገደል ነው፣ ሰው ብዙ አይኖርበትም። አብዛኛው ጎብኚ ከኩዊንስታውን ከተማ በማለዳ ተነስቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ከኩዊንስታውን ሚልፎርድ በአየር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን 290 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ተራራውን በቀጥታ የሚያቋርጥ መንገድ ስለሌለ ዞረህ ነው የምትገባው። ስትመለስም በዚያው ነው፣ ሌላ መውጫ የለም። ያ ጉዞ ደርሶ መልሱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎም ይፈጃል፣ ለአንተ አልመክርህም። እኛ ቴ አናው የምትባል የሐይቅ ዳር ትንሽ ከተማ አደርን። ከዚያ ወደ መርከቡ 120 ኪሎ ሜትር ነው። «120 ኪሎ ሜትር ምን አላት» እንዳትለኝ። በየቦታው እየቆምክ፣ መርከቡም ተጨምሮበት፣ ቀኑን ሙሉ ነው የሚወስደው።

ሹፌራችን ሽበታም ሰውዬ ነው። ከመነሳታችን በፊት አውቶቡሱን ዞሮ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ መታ አደረገ። የዓለም ሹፌር ሁሉ አንድ ትምህርት ቤት የተማረ ይመስለኛል። ነዳጁንም ቴ አናው ሞላ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ ማደያ የለም። ስልክም ከከተማዋ ከወጣህ በኋላ አብዛኛው መንገድ ላይ ይጠፋል። እዚህ መኪና በግራ ነው የሚነዳው፣ መሪው በቀኝ ነው፤ ፊት ለፊት የሚመጣውን እያየህ «ሰውየው ሊገጨን ነው» እያልክ የምትጨነቅ ይመስለኛል። ሁለት ቀን ያስቸግርሃል፣ ከዚያ ትለምደዋለህ።

መጀመሪያ ሐይቁን ተከትለህ ትሄዳለህ፣ ከዚያ ጫካ ትገባለህ፣ ከዚያ ድንገት ኤግሊንተን የሚባል ሸለቆ ይከፈታል። ሜዳው ጠረጴዛ ነው፣ ቢጫ ሣር ሞልቶበታል፣ ግራና ቀኙ ግድግዳ የመሰለ ተራራ ነው፣ አናቱ ላይ በረዶ አለ። ይህንንም የፈቀፈቀው ያው በረዶ ነው። በህዳር ስንሄድ ወንዙ ዳር ሐምራዊና ሮዝ አበባ ፈክቶ ነበር፣ ሁሉም ሰው ወርዶ ፎቶ ያነሳል። ምን መሰለህ? የግብጦ ዘመድ ነው! ሉፒን ይሉታል። ከውጭ የገባ ስለሆነ የፓርኩ ሰዎች እንደ አረም ነው የሚቆጥሩት፣ የወንዙን ዳርቻ እየያዘ እዚያ ጠጠር ላይ እንቁላል የሚጥሉ ወፎችን ቦታ ያሳጣቸዋል። ቱሪስቱ ግን ከአገሬው ዕፅዋት ይልቅ ከአረሙ ጋር ነው ፎቶ የሚነሳው።

ትንሽ አለፍ ብሎ የመስታወት ሐይቆች የሚሏቸው አሉ። ሐይቅ ማለት እንኳ ይበዛባቸዋል፣ ኩሬ ናቸው። ነፋስ ከሌለ ተራራው ተገልብጦ ይታይባቸዋል። ውኃው ዳር ላይ ስማቸውን ገልብጠው የጻፉበት ሰሌዳ አለ፣ ውኃው ውስጥ ስታየው ተቃንቶ ይነበባል። ከመንገዱ ዳር በእንጨት የተሠራ ሜዳ መሄጃ ስላለው ጉልበትህ አያማርርም፣ ደረጃም የለውም።

እዚያው አካባቢ ከምድር ወገብና ከደቡብ ዋልታ እኩል የምትርቅበትን መስመር ታልፋለህ፣ ምልክት ተተክሏል። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የዚህ መንገድ ከፍተኛው ቦታ በኋላ የምነግርህ የመኪና ዋሻ አፍ ላይ ነው፣ 945 ሜትር ገደማ። ከሸዋ ሮቢት እንኳ ዝቅ ይላል! ሸዋ ሮቢት ላይ ሸሚዝህን አውልቀህ በካናቴራ ትነዳ የለም? እዚህ በዚያ ከፍታ በረዶ ተከምሮ፣ ክረምት ላይ ጎማቸው ላይ ሰንሰለት አስረው ነው የሚያልፉት። ከምድር ወገብ መራቅ ማለት ይህ ነው። ለሳንባህ ግን ጥሩ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ የሚኖር ሰው እዚህ ትንፋሽ አያጥረውም።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይጠብና ተራራው ይጠጋሃል። «እዚህ መቆም ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ በየቦታው አለ፣ የበረዶ ናዳ ስላለ። እንደ ፈረንጆቹ በ1983 የዚህ መንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ የነበረ ሰው መንገድ ሲጠርግ ናዳ ወርዶበት ሞተ። ከእሱ ሞት በኋላ ነው ነገሩን በሥርዓት የያዙት። አሁን በክረምት ባለሙያዎች በረዶውን በየቀኑ ይከታተላሉ፣ አደገኛ ሲሆን መንገዱን ይዘጉና ከሄሊኮፕተር ፈንጂ ጥለው ናዳውን ራሳቸው ያወርዱታል፣ ከዚያ ጠርገው ይከፍታሉ። መንገዱ ዳር ቁልቁል ሸለቆውን የምታይበት አንድ ቦታ አለ፣ በሰውየው ቅጽል ስም ፖፕስ ቪው ይሉታል። ሹፌራችን እዚያ ሲደርስ ቀልዱን አቆመ። አንተም ጣርማበር ላይ ገደል ስለገቡት ጓደኞችህ ስታወራ ድምፅህ እንደዚያ ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ዋሻው።

ሆመር ዋሻ ይባላል። ጣርማበርን ስላሳለፍክ አንተ ነህ የምትገመግመው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ግን ያየሁትን ልንገርህ። ርዝመቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከጣርማበሩ እጥፍ ገደማ። የተጀመረው በ1935 ነው እንደ ፈረንጆቹ፣ ማለት ጣሊያን የእኛን ተራራ መብሳት ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ። ዓለም ሁሉ በኢኮኖሚ ድቀት ተመትቶ ሥራ የጠፋበት ጊዜ ነበር፣ መንግሥት ሥራ ፈቶችን እዚህ አመጣቸው። ሲጀምሩ አምስት ሰዎች ነበሩ፣ ዶማና የእጅ ጋሪ ይዘው፣ ድንኳን ውስጥ እያደሩ። ክረምት ላይ ፀሐይ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ለወራት አትገባም። ከሠራተኞቹ ሦስቱን የበረዶ ናዳ ገደላቸው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሥራው ቆመ፣ ብቻ በ1953 ነው ያለቀው፣ መኪና በደንብ ማለፍ የጀመረው በቀጣዩ ዓመት። ዋሻው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። ከዚህኛው አፍ ወደዚያኛው በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር ይወርዳል። ውስጡ እንደተፈለፈለ ነው የቀረው፣ ድንጋዩ ጥርስ ጥርስ አለው፣ ከላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ሰው በሚበዛበት ወቅት የትራፊክ መብራት አቁመው በተራ ነው የሚያሳልፉት። ሹፌራችን ከመግባቱ በፊት ማርሽ ቀነሰ። አንተ ትዝ አልከኝ፣ «ፍሬን ለማቆም ነው፣ ለመውረድ ማርሽ ነው» የምትለው።

መብራቱን ስንጠብቅ ኬያ የሚባለው በቀቀን መጣ። በረዶ አገር የሚኖር በቀቀን ሰምተህ ታውቃለህ? ወይራ የመሰለ አረንጓዴ ነው፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከሥሩ ብርቱካናማ ይታያል። አእምሮው ለጉድ ነው፣ ሥራው ግን ሌብነት። ፊታችን የቆመችው መኪና ጣራ ላይ ወጣና የበሩን ላስቲክ ይነቅል ጀመር። ባለቤቱ ወርዶ ሲያባርረው በእግሩ ጫማ ጫማውን እየተከተለው ይሄዳል፣ አይፈራም። ረዳት ካልያዝክ ይህን አታልፈውም። ቁጥራቸው ግን እየተመናመነ ስለሆነ ምግብ መስጠት ክልክል ነው፣ ሰው ያለመዳቸው እነሱ ናቸው መንገድ ላይ እየወጡ በመኪና የሚገጩት።

ከዋሻው ስትወጣ ሌላ አገር ነው። ከፊትህ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ዙሪያውን ገደል ነው፣ ከየገደሉ ውኃ ይወርዳል። ሳይዘንብ አይደለም፣ እዚህ ብዙ ጊዜ ይዘንባል። ሚልፎርድ በዓመት ከ6 ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። ሚሊ ሜትር አይደለም ያልኩት አባዬ፣ ሜትር ነው። ቤታችን ጣሪያው እስከሚሰወር ድረስ ማለት ነው። ደመናው ከባሕር ተነስቶ ይመጣና እነዚህ ተራሮች ላይ ሲጋጭ ሁሉንም እዚያው ይጥላል። ሰው ዝናብ እንዳይሆንበት ይጸልያል፣ እኔ ግን ዝናብ ይሻላል ባይ ነኝ። ሲዘንብ ፏፏቴው ተቆጥሮ አያልቅም፣ ሲያባራ አብዛኛው ይደርቃል።

መርከቡ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ውስጡ ሙቅ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ሻይ አለ፣ ሽንት ቤት አለ (ይህን በኋላ እመለስበታለሁ)። እኔ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ላይኛው ደርብ ወጥቼ ነፋሱ ሲገርፈኝ ዋለ።

ስትወጣ በስተግራ ማይተር ፒክ የሚባለው ተራራ አለ። ቁመቱ 1,690 ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ከተማ ያንሳል፣ አውቃለሁ፣ እየሳቅህ ነው። ግን ኮምቦልቻ ስትገባ ከባሕር ጀምረህ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያልክ ወጥተህ ነው። ይህኛው ከውኃው ጠርዝ በቀጥታ ይነሳል፣ ከመርከቡ አጥር ተደግፈህ አንገትህን እስኪያምህ ወደ ላይ ታየዋለህ። ከሥርህ ደግሞ ገደሉ ውኃ ውስጥም ይቀጥላል፣ ጥልቀቱ ወደ 290 ሜትር የሚደርስበት አለ። መርከቡ ግድግዳው አጠገብ ድረስ ይጠጋል፣ እጅ ዘርግተህ የምትነካው እስኪመስልህ። ድንጋይ ይመታዋል ብለህ አትፍራ፣ ከሥሩም ገደል ስለሆነ የሚመታው ነገር የለም።

አንድ ነገር በጣም ገረመኝ። ግድግዳው አፈር የለውም፣ ባዶ ድንጋይ ነው፣ ግን ጫካ በቅሎበታል። መጀመሪያ እንደ ሽበት የሚለጠፍ አረንጓዴ ነገር ድንጋዩን ይለብሰዋል፣ በላዩ ትንንሽ ተክል ይበቅላል፣ ከዚያ ዛፎቹ ሥራቸውን እርስ በእርስ አጠላልፈው ተያይዘው ይቆማሉ። ዝናብ ሲበዛ ወይ በረዶ ሲከብድ አንዱ ላይኛው ዛፍ ይለቅና ከሥሩ ያሉትን ሁሉ ይዞ እስከ ባሕሩ ድረስ ይወርዳል። የዛፍ ናዳ ይሉታል። የወረደበት ቦታ ራቁቱን ድንጋይ ሆኖ ከሩቅ ይታያል፣ ከዚያ እንደገና ከሽበቱ ይጀመራል፣ ብዙ ዓሥርት ዓመታት ይወስዳል። እማዬ ይህን ብትሰማ የዕድር ነገር ታነሳ ነበር፤ እኔ እንደሱ አላልኩም፣ ተያይዞ መቆም ተያይዞ መውደቅም አለው።

ፏፏቴዎቹን ልንገርህ። ወደቡ አጠገብ ያለው ሌዲ ቦወን 162 ሜትር ነው፣ ወደ ውጭ ስትሄድ ያለው ስተርሊንግ 150 ሜትር ገደማ። ጢስ ዓባይ ከ45 ሜትር አይበልጥም። እርግጥ ጢስ ዓባይ ሲሞላ ስፋቱ ሌላ ነው፣ እነዚህ ቀጠን ያሉ ናቸው፣ አድልቼ እንዳልሆን ነው። ካፒቴኑ የመርከቡን አፍንጫ ስተርሊንግ ሥር አስገባው። ላይ የቆምን ሁሉ በሰበስን፣ ጃኬቴ አልቻለም፣ ካልሲዬ ድረስ ገባ። ነጮቹ እየጮሁ ይስቃሉ። አንተ ብትሆን ኮፍያህን አውልቀህ «ጠበል ነው» ብለህ ቀጥ ብለህ የምትቆም ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ዝናብ የት ይሄዳል? ባሕሩ ላይ ይንሳፈፋል። ጣፋጩ ውኃ ከጨዋማው ስለሚቀል ከላይ ይቀመጣል፣ ከጫካው ሲወርድ ደግሞ ቅጠሉ አቅልሞት ሻይ ይመስላል። ስለዚህ ብርሃን ብዙ አይወርድም፣ ከሥሩ ቶሎ ይጨልማል። በዚህ ምክንያት ሌላ ቦታ በጥልቅ ባሕር ብቻ የሚገኝ ጥቁር ኮራል እዚህ አሥር ሜትር ላይ እንኳ ይበቅላል። ጨለማው አታሏቸው ነው ወደ ላይ የወጡት።

እንስሳቱ ደግሞ፦ አቆስጣ አየን፣ ፈረንጆቹ ሲል የሚሉት የባሕር እንስሳ። ኦሪት ዘጸአት ላይ ቁርበቱ ለድንኳኑ መሸፈኛ የተባለው አቆስጣ፣ አንተ ስታነብልን «ምን ዓይነት አውሬ ነው?» ብዬ የጠየቅኩህ። ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሰፊ ድንጋይ ላይ ተዘርረው ተኝተዋል፣ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ጢማም። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው አለን መሪው። መርከብ ሲመጣ አንድ ዓይን ይገልጡና መልሰው ይዘጉታል። ጡረታ የወጣ ሰው ከምሳ በኋላ። (ስም አልጠራሁም።) ሰነፍ ይመስሉሃል እንጂ ዓሣ ፍለጋ ሲጠልቁ ከ200 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። ድሮ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ አዳኞች ለቁርበታቸው ብለው ጨርሰዋቸው ነበር ማለት ይቻላል፣ አሁን ግን በሕግ ይጠበቃሉ፣ ቁጥራቸውም እያንሰራራ ነው።

ዶልፊኖችም መጡ። ሳንፈልጋቸው ነው የመጡት፣ እየዘለሉ ከመርከቡ ፊት ፊት ይቀድማሉ፣ መርከቡ የሚገፋው ውኃ ያንሸራትታቸዋል። አሰብ መንገድ ላይ ከመኪናህ ጎን የሚሮጡ ውሾች ነበሩ ብለህ አልነበር? ልክ እንደዚያ፣ ያለ ምክንያት። አንድ ፔንግዊንም አይተናል፣ ታዋኪ የሚሉት ቢጫ ቅንድብ ያለው። የሚያሳፍር ነው፣ እኔ ድንጋይ መስሎኝ ነበር፣ ድንጋዩ ተራመደ። እሱ ጫካ ውስጥ ሥር ለሥር ነው ጎጆ የሚሠራው፣ ከህዳር በኋላ ብዙውን ጊዜ ወደ ባሕር ስለሚሄድ በጥር ስትመጣ ላታገኘው ትችላለህ። አቆስጦቹ ግን ይጠብቁሃል፣ የትም አይሄዱም።

ጫፍ ስንደርስ ታዝማን ባሕር ማዕበሉ ጀመረ፣ ሆዴም ጀመረ። እዚያ ነው መርከቡ የሚዞረው። ዞር ብለህ ስታይ የመጣህበት መግቢያ የለም! ተራሮቹ ተደራርበው ዘግተውታል። ካፒቴን ኩክ በ1770 በዚህ ፊት ሲያልፍ ሳይገባበት ቀረ። አይፈረድበትም።

አሁን ክፉውን ልንገርህ፣ ካልነገርኩህ ትታዘበኛለህ። ሳንድፍላይ የሚሉት ትንኝ የምታክል ጥቁር ዝንብ አለች፣ ድምፅ የላትም፣ ደም ትመጥጣለች፣ ለቀናት ታሳክካለች። ማኦሪዎች፣ የአገሩ ቀደምት ሰዎች፣ እንዲህ ይላሉ፦ ፊዮርዱ ተቀርጾ ሲያልቅ ውበቱ እጅግ ስለበዛ የታችኛው ዓለም እመቤት ሂኔ ኑዊ ቴ ፖ ሰው እዚህ ተቀምጦ እንዳይቀር ብላ ይህችን ዝንብ ለቀቀችባቸው። ሠርቶላታል። ቆመህ ምሳ መብላት አትችልም። ግን መርከቡ ላይ የለችም፣ መኪና ውስጥም የለችም፣ የሚቀባ መድኃኒትም አለው። እባብ ደግሞ ለእማዬ ንገራት፣ አገሩ ሁሉ ላይ እባብ የሚባል የለም። ጅብም የለም። የሌሊት ወፍ ካልሆነ በቀር በየብስ የሚኖር አጥቢ የዱር አውሬ ከጥንት አልነበረባትም።

እንግዲህ «አልችልም» የምትልበትን ሁሉ አስቀድሜ ልዝጋ።

ጉልበቴ ካልክ፣ መራመድ የለበትም። ከአውቶቡስ ወደ መርከብ መወጣጫው ሜዳ ነው ማለት ይቻላል፣ ሌላው ሁሉ ተቀምጦ የሚታይ ነው። የግፊት መድኃኒቴ ሽንት ያመላልሰኛል ካልክ፣ እኔም ከሁሉ ቀድሜ ይህን ነው ያሰብኩት፣ ስለዚህ መንገዱን ለአንተ ብዬ አጣርቻለሁ። ቴ አናው አለ፣ ኖብስ ፍላት የሚባለው ሜዳ ላይ አለ፣ ዘ ዲቫይድ የሚባለው የተራራ መሻገሪያ ላይ አለ፣ ወደቡ ላይ አለ፣ መርከቡ ውስጥ አለ። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ይህን ያህል አልነበረህም። ብርድ ካልክ አልሰማህም፣ የደብረ ብርሃን ሰው ነህ። ጾም ካልክ፣ የገና ጾም አልቆ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው የማመጣህ፣ በጥር። ያን ጊዜ እዚህ በጋ ነው፣ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን ነው፣ ረቡዕና ዓርብን ደግሞ እኔው ሽሮ ይዤልህ እወጣለሁ። ገንዘብ ካልክ ስንት እንደሆነ አልነግርህም፣ በብር ማባዛት ትጀምራለህ።

ከእኔ ጋር በትንሽ መኪና እንሂድ ወይስ በአውቶቡስ የሚለውን አስቤበታለሁ፣ በአውቶቡስ ነው። እኔ ብነዳ ሙሉ መንገዱን መንገዱን ስታይ፣ «ቀንሺ»፣ «መስታወት እዪ» ስትለኝ አንድ ተራራ ሳታይ ትመለሳለህ። ዕድሜህን ሙሉ በዚያ ሁሉ ተራራ ስትመላለስ ዓይንህ አስፋልቱ ላይ ነበር። እማዬ ናት ይህን አንድ ጊዜ የነገረችኝ፣ ሰሜን ሸዋን አንተ ከሁላችንም ያነሰ ነው ያየኸው ብላ። እዚህ ሌላ ሰው ይንዳ፣ አንተ መስኮት ጋ ተቀመጥ። ፊተኛውን ወንበር እይዝልሃለሁ፣ ከሹፌሩ ጋር በምልክትም ቢሆን ትግባባላችሁ፣ እኔም አስተረጉማለሁ፣ ስለ ዋሻው የምትጠይቀው እንደማያልቅ አውቃለሁ።

ስለዚህ የሚቀረው ይህ ነው። ፓስፖርትህ ጊዜው አልፎበታል፣ ቤቲ ቀጠሮ እንድታስይዝልህ ነግሬያታለሁ፣ በመጪው ሳምንት ፎቶ ተነስ፣ ጢምህን ተስተካከል። ከሐኪምህ የመድኃኒቶችህን ዝርዝር በእንግሊዝኛ አጽፈህ ያዝ፣ አየር ማረፊያ ላይ ሊጠይቁህ ይችላሉ። ማርና በርበሬ ለእኔ ብላችሁ እንዳትጭኑ፣ በተለይ ማር እዚህ ፈጽሞ አያስገቡም፣ ይወስዱባችኋል፣ ቅጣትም አለው። የቪዛውን ወረቀት ከዚህ እኔ እልካለሁ። እማዬ «በጎቹን ማን ይይዛል» ካለች አጎቴን አናግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል፣ እንዳትነግራት ግን፣ ራሴ እደውልላታለሁ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ።

ልጅህ
ሰናይት